ቦርሳ ውስጥ የቆየው መለኪያ

የሐይቁ ሽታ እስከ መማሪያ ክፍላችን ይደርስ ነበር እያልሁ ለሰው ሳወራ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት እርጥብ ደንገልና ዓሣ የተቀላቀለበት አየር ገብቶ በደብተራችን ላይ ያርፍ ነበር እላለሁ። በቅርቡ ግን በዚያው ሰፈር በባጃጅ ሳልፍ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ያለው በምሥራቅ በመኖሪያ ቤቶች መካከል፣ ሐይቁ ደግሞ ከሐዋሳ ከተማ በስተ ምዕራብ እንደሆነ እንደ አዲስ አስተዋልሁ። በሁለቱ መካከል ፒያሳ ከነሱቁ፣ ከነካፌው፣ ከነሆቴሉ ይገኛል። ያን ሁሉ ጭስና ጥብስ አቋርጦ የዓሣ ሽታ እኛ ዘንድ ሊደርስ አይችልም። ምናልባት ሽታው የመጣው ከእኔው ጃኬት ይሆናል፤ ወደ ክፍል ከመግባቴ በፊት የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ወርጄ ትኩስ የዓሣ ሾርባ የመጠጣት ልማድ ነበረኝና። ይህም ቢሆን ግምት ነው።

ስለ ሽታው መሳሳቴ ማንንም አይጎዳም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አሁን እኔም በተራዬ ነርሶችን ይዤ ለቤት ለቤት ጉብኝት እወጣለሁ፤ በየዓመቱም ስለ አንዲት አዛውንት እናትና ስለ አንዲት ክኒን የማውቀውን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር እየተስተካከለ፣ እያማረ መሄዱን ልብ ካልሁ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ከመለስለሱ በፊት የነበረውን መልኩን፣ የማስታውሰውን ከማላስታውሰው ለይቼ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርሁት አንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ባቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርሁ። የመጣሁት የቤተሰብ ጤና ነርስ ለመሆን ነው፤ ይኸውም ሕፃኑንም አዛውንቱንም ራሱ ተቀብሎ የሚመረምር፣ መድኃኒት የሚያዝዝ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል የሚልክ ባለሙያ ማለት ነው። እኔ ከሰሜን መጥተው ሐዋሳ በመምህርነት የቀሩ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ነኝ። ትምህርቱ በየማለዳው በጸሎትና በመዝሙር ይጀመር ስለነበር፣ ጓደኞቼ እያጨበጨቡ ሲዘምሩ እኔ ከኋላ እጄን አጣምሬ እቆም ነበር።

ከጎኔ የሚቀመጠው የክፍል ጓደኛዬ የሲዳማ ልጅ፣ አባቱም ወንጌላዊ ነበሩ። እንደ እርሱ የሚቀልድ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

«አንተ እንዲህ ስትቆም እኮ ዘበኛ ነው የምትመስለው» አለኝ አንድ ቀን።

«ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል» አልሁት።

«ጠብቅ፣ ጠብቅ። ስታማትብ ካየሁህ ግን እኔ ነኝ የምጠብቅህ።»

ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ወሬው ወደ ምግብ ይዞር ነበር። «የሐዋሳ ልጅ ሆነህ ዓሣ ትጾማለህ? ሐይቁ እኮ ይቀየምሃል» ይለኛል። ሙያችንም ለቀልዱ ይመቸው ነበር፤ ታማሚዎች ነርስ ሁሉ ሲስተር ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ እኛን ሲያዩ ዶክተር ወይስ ሲስተር እንደሚሉን ይቸገራሉ። እርሱ መፍትሔ አገኘና «ሲስተር ወንድሜ» ብሎ ሲጠራኝ ከረመ። እስከ አሁን በስልክ ሲደውል ሰላምታው ይኸው ነው።

የቤት ለቤት ጉብኝቱን የሚያስተምሩን አንዲት ሴት መምህር ነበሩ። ዕድሜአቸውን በሙሉ በነርስነት ያሳለፉ፣ በሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያንም በጸሎታቸው የታወቁ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሲስተር እንላቸው ነበር። ለእያንዳንዳችን እስከ ምረቃ የምንከታተለው አንድ ቤተሰብ ሰጡን፤ ከቤተሰቡም ጋር አንድ ደንብ።

«የግፊት መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። የቤቱ ሰው ‘እስቲ ለካኝ’ እስኪል ድረስ አይወጣም።»

ጓደኛዬ እጁን አነሣ። «ሲስተር፣ እስከ ምረቃችን ባይሉስ?»

«እስከ ምረቃህ ቆሎ ስትቆረጥም ትከርማለሃ!»

ክፍሉ ሳቀ። ሲስተር ግን አልሳቁም። «ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው ክንዱን አስቦበት ነው የሚሰጣችሁ። ቤቱ ስትሄዱ ግን እናንተ ናችሁ የመጣችሁበት። ፊቱ የተጣመመ ወይም አንደበቱ የተያዘ ሰው ካያችሁ ደንቡንም ቦርሳውንም ጥላችሁ መኪና ፈልጉ። ከዚያ በቀር ጠብቁ» አሉ። ቃሉን እንዳለ ያስቀመጥሁ ይመስለኛል። «መኪና ፈልጉ» ያሉትን ግን በእርግጥ አስታውሳለሁ።

የደረሰኝ ቤተሰብ እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ፤ ቤታቸውም ከዩኒቨርሲቲው ብዙ የማይርቅ። ልጅቱ ፒያሳ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ትሠራለች። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ አስቆመችኝ።

«ሳልነግርህ አትግባ። እናቴ ግፊት አለባት። ግን የለባትም።»

«እንዴት ነው እሱ?»

«ተፈውሳለች» አለች፤ ቃሉን ስትናገር ወደ ቤቱ መስኮት ገልመጥ አለች። እናቷ በአንድ እሑድ ከተጸለየላቸው በኋላ ራስ ምታታቸው ለቀቃቸው። በሚቀጥለው እሑድም በጉባኤው ፊት ቆመው እግዚአብሔር ከደም ግፊት እንደፈወሳቸው መሰከሩ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክኒናቸውን ነክተው አያውቁም። «ታላቅ እህቷ በዚሁ ግፊት ነው ግማሽ አካሏ ደርቆ የሞተችው» አለችኝ ልጅቱ። «እኔ ሌላ እናት የለኝም። የምትችለውን አድርግ።»

ስገባ እማማ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ሆነው አገኘኋቸው። የሴቶች የጸሎት ኅብረት መሪ ነበሩ፤ ሰውን ሲያዩ ከእግር ጀምረው ወደ ላይ ነው።

«ማነህ?»

«ከዩኒቨርሲቲው የመጣሁ ነርስ ነኝ፣ እማማ።»

«ወንድ ሲስተር!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «ልትለካኝ ነው?»

«አይደለም። ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ቦርሳው ውስጥ ምንድን ነው ታዲያ?»

«መለኪያ ነው።»

«ይቀመጥ።»

«ይቀመጣል።»

እንዲህ ተጀመረ። በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ቦርሳዬን ከወንበሩ ሥር አኖራለሁ፤ ቡርሳሜ ይቀርብልኛል፤ በቅቤ የራሰው ቆጮ ጣቶቼን እያወዛ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መዝሙር እናወራለን። ልጃቸው ከማእድ ቤት በር ላይ ሆና በዐይኗ ቦርሳውን ታሳየኛለች። እኔ እንዳላየ እሆናለሁ። ከዚያ ስወጣ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የአንደበት መያዝ ምን እንደሚመስል በር ላይ ደጋግሜ አስተማርኋት፤ የባጃጅ ሹፌር ስልክም እንድትይዝ ነገርኋት። ማድረግ የምችለው ያን ብቻ ነበር። የእማማን ክንድ እያየሁ፣ ከቆዳቸው በታች ያለውን ቁጥር ሳላውቅ ወደ ቤቴ የምመለስባቸው ቀናት ዛሬም ድረስ ይከብዱኛል።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና በራሴ መንገድ ሞከርሁ። «እማማ፣ እኛ ዘንድ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑንም ይውጣል። ካህናቱም ተው አይሉትም» አልኋቸው።

«እናንተማ በሁለት ቢላዋ መብላት ታውቁበታላችሁ!» አሉና ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ግን ቆሜ መስክሬአለሁ፣ ልጄ። አንዲት የታመመች ሴት በእኔ ቃል ተነሥታ፣ እጇን ዘርግታ ስታለቅስ አይቻለሁ። ዛሬ ክኒን ስውጥ ብታየኝ ምን ትሆናለች? ራስ ምታቱን እችለዋለሁ። ያንን ግን አልችለውም።»

«ራስ ምታቱ ተመልሷል ማለት ነው?»

ሳሕኑን ወደ እኔ ገፉት። «ይቀዘቅዝብሃል። ብላ።»

ወጥቼ ራስ ምታቱ መመለሱን ለልጃቸው ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ከቆርቆሮው አጥር ተጠግታ ቆመችና ስታስብበት የከረመችውን አወጣችው። «ዓሣ ሾርባ በየቀኑ ትጠጣለች፤ እኔ ነኝ የምሠራላት። ክኒኑን ፈጭቼ ብጨምርበት ማን ያውቃል? አንተ መጠኑን ብቻ ንገረኝ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ። እኔ የማስታውሰው ዝምታዬን ነው። አንድ ባጃጅ አቧራ እያስነሣ አለፈ፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ የሐይቅ አሞራ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ምንቃሩን አጋጨ፤ እኔም ሐሳቡ ክፉ መስሎ እንዳልታየኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ «ሲስተርን ልጠይቅ» ብዬ ሄድሁ። በትዝታዬ ውስጥ ያለው ይኸው ብቻ ነው።

ሲስተር ነገሩን ሰምተው ለአፍታ እስክሪብቶአቸውን በጣታቸው አሽከረከሩ። «ሾርባው ቢመራቸውስ? ከዚያ ወዲያ ከልጃቸው እጅ ውኃ ይጠጣሉ?» አሉኝ። «አይሆንም። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ሲስተር፣ እኔና ጓደኛዬ ሄድን። ጓደኛዬ የመጣው ከእማማ ጋር በቋንቋቸው በሲዳምኛ ጨዋታውን እንዲያደምቅ ነው፤ አደመቀውም። እማማ እንደዚያን ቀን ስቀው አላየኋቸውም። ቁርስ ቀረበ። ከመብላታችን በፊት ይሁን በኋላ እንጃ፣ ሲስተር ከእጅ ቦርሳቸው ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። እማማን ውኃ ለመኑአቸው። ክኒኗን በመዳፋቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ፤ ማእድ እንደሚባርክ ሰው በለሆሳስ ጸለዩ፤ ከዚያ ዋጧት።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እማማ።

«የግፊት ክኒን ነው።»

«አንቺም? አንቺ እኮ ጸሎተኛ ነሽ!»

ሲስተርም፣ «እኔን በየጠዋቱ ነው የሚፈውሰኝ» አሉ።

ለተማሪዎቼ ታሪኩን ስነግር እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። አንዳንዱ ቃሉን ይጽፈዋል።

ባለፈው ሰሞን ከጓደኛዬ ጋር ፒያሳ ማኪያቶ ስንጠጣ ይህንኑ አነሣሁለት። ስኒውን አስቀመጠ።

«ማን ነው ‘በየጠዋቱ’ ያለው?»

«ሲስተር ናቸዋ!»

«በፍጹም። ክኒናቸውን ዋጡ፣ ‘አዎ፣ እኔም አለብኝ’ አሉ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ማውራት ቀጠሉ። ያንን አንተ ነህ የጨመርከው።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። ከእኛ ጋር ብዙ ተቀምጠህ ስብከት ለመደብህ፣ ሲስተር ወንድሜ።»

ልከራከረው ሞከርሁ። ግን ድምፃቸውን ለመስማት ጆሮዬን ባቀናሁ ቁጥር የምሰማው የራሴን የማስተማሪያ ድምፅ ነበር። ሲስተር ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐርፈዋል፤ እርሳቸውን መጠየቅ አይቻልም።

ሁለታችንም የማንጠራጠረው ቀጥሎ የሆነውን ነው። በሚቀጥለው ጉብኝቴ ገና ሳልቀመጥ እማማ እጅጌአቸውን ሰበሰቡ። «እስቲ አውጣው» አሉ። ጨርቁን በክንዳቸው ላይ ስጠቀልል ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ቁጥሩ እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ ግን ፊቴን እንዲያነብቡ አልፈለግሁም። «ምን ይላል?» አሉኝ። «ዛሬውኑ ይጀምሩ ይላል» አልኋቸው። ልጃቸው ማእድ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ከእጇ ጣለች። ክኒኑን በዚያው ዕለት፣ በግልጽ፣ በልጃቸው ፊት ጸልየው ዋጡ። ሳምንታት ሲያልፉም ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ።

ምስክርነቱንም አልተዉትም። በአንድ እሑድ ዳግመኛ በጉባኤው ፊት ቆሙ። ነጭ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አርቀው፣ «እግዚአብሔር ሰው ልኮልኝ ነበር፤ እኔ ግን ከነቦርሳው ወንበር ላይ አስቀምጬው ከረምሁ» ሲሉ፣ ሕዝቡም መጀመሪያ ሲስቅ ቀጥሎ እልል ሲል አያለሁ። ያቺ የታመመች ሴትም እልል ስትል አያታለሁ። ጓደኛዬ ግን ያን እሑድ እኔ እዚያ እንዳልነበርሁ፣ ነገሩንም ሰኞ ጠዋት ከጸሎት በኋላ የነገረኝ እርሱ እንደሆነ ይምላል። ቅዳሴ ላይ ነበርህ አለኝ። ሊሆን ይችላል። እሑድ ጠዋት የት እንደምሆን እርሱ ያውቃል። ነጠላውን ግን ከየት አመጣሁት?

ሲስተር ዐርፈው፣ ጓደኛዬም አልስማማ ብሎኝ፣ ሦስተኛዋን ምስክር ፍለጋ ሄድሁ። እማማ አሁን አርጅተዋል፤ ቁመታቸው ጎበጥ ብሏል፤ ዐይናቸው ግን ሰውን የሚያየው እንደ ድሮው ከእግር ጀምሮ ነው። ቦርሳዬን ከወንበሩ ሥር አኖርሁ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጸሎት ኅብረቱ ከተጨዋወትን በኋላ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ያን ጊዜ ‘እስቲ አውጣው’ ያሰኘዎት ምን ነበር? የሲስተር ነገር ነው?»

«ሲስተር ደግ ሰው ነበረች» አሉ። «ግን ከእሷ በፊት ነው። ልጄ አጥሩ ሥር ያለችህን ሰምቼ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው።»

ደነገጥሁ። «የሾርባውን?»

«የሾርባውን። ልቤ ቆመ። ከዚያ አንተ፣ ‘አይሆንም፤ ሳያውቁት አንዲት ነገር እንዳትሰጫቸው’ አልካት።»

«እኔ ነኝ ያልኩት?»

«ታዲያ ማን ነው? ባጃጁ?»

ልጃቸው ከማእድ ቤት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እማ፣ እሱማ ምንም አላለም! እንደ ግንድ ነው የቆመው!»

«አንቺ ዝም በይ! በሾርባ ልትሸውጂኝ የነበርሽ!» አሉና ወደ እኔ ተመለሱ። ልጅቱ ስትስቅ ይሰማል። «አልክ። ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ሾርባዬን ሳልፈራ ጠጣሁ። ቦርሳህም እንደ ተዘጋ ነበር። ማንም ሳያስገድደኝ ሲቀር ነው ማሰብ የጀመርኩት። የሲስተርን ክኒን ባየሁ ጊዜ አስቤ ጨርሼ ነበር።»

ያን ቃል ተናግሬው እንደሆነ ለማስታወስ ብዙ ደከምሁ። አቧራው አለ፤ አባ ኮዳው አለ፤ ልጅቱ እጇን በቆርቆሮው ላይ እንዳሳረፈች አለች። የእኔ አፍ ግን እንደ ተዘጋ ነው። እማማ በመስኮት የሰሙት ሊሰሙት የፈለጉትን ይሆን? ወይስ እኔ፣ የሌሎችን ቃል እያሳመርሁ ስጨምር የራሴን የጣልሁ ሰው ነኝ? ባላስታውሰው መልካም ነገር መመስገን፣ የሌላ ሰው ካፖርት ለብሶ እንደ መሞቅ ነው፤ ሙቀቱ እውነት ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ግን የእኔ አይደለም። ለሚመጡት ተማሪዎቼ የትኛውን እንደምነግራቸው ገና አልወሰንሁም። ምናልባት የእኔን፣ የጓደኛዬንና የእማማን፣ ሦስቱንም እነግራቸዋለሁ፤ የትኛውንም ቢመርጡ ቦርሳው በሦስቱም ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል።

«ምን ያሳስብሃል?» አሉኝ እማማ። እጅጌአቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር። «ዛሬስ እዚያው ሊያድር ነው? አውጣው እንጂ።»

አወጣሁት። ክንዳቸው ቀጥኗል፤ ጨርቁ አንድ ዙር ጨምሮ ዞረ። እንደ ልማዳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ልጃቸው የዓሣ ሾርባ አቅርባልኝ፣ እጇን በፎጣ እያደረቀች በሩ ላይ ቆመች። አየሩ ከጨርቁ ቀስ እያለ ሲወጣ ሦስታችንም አዳመጥን።

«ምን አለ?»

«ደህና ነው፣ እማማ።»

«አውቄአለሁ» አሉና እጅጌአቸውን መለሱ። «ሾርባው ይቀዘቅዛል። ጠጣ።»